ባለ አምስት ጭራው አበባ

ማኅደር ጎንበስ ብላ በሀይሚ ሃይላንድ ውስጥ የበቀሉትን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ሰባት ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድም አልነበረም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ክር የሚያካክሉ ሰባት አረንጓዴ ነገሮች ከአፈሩ ወጥተው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከጎኑ በተቀመጠው በእሷ ሃይላንድ ውስጥ ያለው አፈር ብቻ ነው። ባዶ፣ እርጥብ፣ ምንም የማያፍር አፈር።

ሁለቱም ወገባቸው ላይ በመቀስ የተቆረጡ የውሃ ሃይላንዶች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጆንያ በወጣ አፈር ላይ ተዘርቷል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ታዲያ የአንዷ በቅሎ የአንዷ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው?

«ምን እያየሽ ነው?» አለች ሀይሚ ከኋላዋ መጥታ።

ማኅደር ዞር ሳትል በጣቷ አሳየቻት። ሀይሚ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እንዴ! በቀለ?»

«ያንቺ አይደል እንዴ?»

«የኔ ነው፣ ግን... ይበቅላል ብዬ አልጠበቅኩም እኮ!»

«አታካብጂ በናትሽ» አለቻት ማኅደር። ሰባት ያበቀለ ሰው እንዲህ የሚደነግጠው ሰው እንዲያየው ነው ብላ አሰበች።

ማኅደር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ጀርባ ያለችውን በላስቲክ የተሸፈነች የችግኝ ቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መሄድ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ኢምፔሪያል አካባቢ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ችግኞቹን ከሰልፍ በፊት ለማጠጣት ስትል ደግሞ በማለዳ ከቤት ትወጣለች። በበዓል ቀን እንኳ መጥታ የምታጠጣ እሷ ናት። ሌላው ልጅ በኳስ ወይም በዘፈን ይታወቃል፤ ማኅደር የምትታወቀው በዚህች ቁልፍ ነው። ቁልፏ ባትኖር በግቢው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖር እንደነበር ማሰብ አትወድም።

ሀይሚ ግን ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው ዘንድሮ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ስሟን የማያውቅ አልነበረም፤ የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀሩ «ሀይሚዬ» ይሏታል። ችግኞቹን የሚንከባከበው የተማሪዎች ክበብ ውስጥ የገባችው ከማኅደር ጋር ለመሆን ብላ ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ለማኅደር ደስ ይላት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጥር ሲገባ ነው። የባዮሎጂ መምህራቸው መምህር ፍስሃ አንዲት የዘር ፓኬት ይዘው መጡ። ላይዋ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ከኋላው አምስት የተቆለመሙ ጭራዎች ያሉት አበባ ተስሏል።

«ኮለምባይን ይባላል» አሉ መምህሩ። «እኔም ከፎቶ ሌላ አይቼው አላውቅም። አብረን እናየዋለን።»

«ቲቸር፣ ይሄ አበባ ነው ወይስ ሊበር የተነሳ ወፍ?» አለ አብኔዘር፤ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚሆንለት ልጅ ነው።

መምህር ፍስሃ ሳቁን አሳልፈው አስረዱ። ዘሩ የብርድ አገር ዘር ነው፤ ብርዱ አልፎ ሙቀት የመጣ ካልመሰለው አይነቃም። ስለዚህ በእርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ አራት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ አፈር ላይ በትኖ ጫን ማድረግ ብቻ ነው፤ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። ለመውጣትም ይዘገያል።

«አደራ እንዳትቀምሱት፣ መርዝነት አለው» ብለው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁንጥር ዘር እጁ ላይ አደረጉለት። ዘሩ ጥቁር፣ ደቃቅና የሚያብረቀርቅ ነበር። በመጨረሻም «ከዚህ በኋላ የችግኝ ቤቷን ቁልፍ የሚይዘው ይህን አበባ አብቅሎ ለክበቡ ያቀረበ የመጀመሪያው ልጅ ነው» አሉ።

የማኅደር እጅ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ።

ችግሩ እነማኅደር ቤት ፍሪጅ የለም። ማለት አለ፤ ግን አምና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጥሎ አሁን ዱቄትና ሽሮ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ሆኗል። ይህን በክበቡ ፊት መናገር አሳፍሯት ዝም ብትል ሀይሚ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ጎሮ እኛ ቤት ከኔ ጋር አስቀምጥልሻለሁ፤ ምን ችግር አለው?» አለቻት። ማኅደር ዘሯን ጠቅልላ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ ፕላስተር ለጠፈችበት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ማኅደር» ብላ ጻፈችና ሰጠቻት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሀይሚ ስታመጣላት ፌስታሉ ላይ «ማኅደር» የሚለው በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። ያን ቀን ልብ ብላዋለች፤ ግን ምንም አላለችም። አሁን ሰባቱን ቡቃያ ካየች በኋላ ያ ጥቁር ጽሑፍ ዓይኗ ላይ መጣና አልሄድ አለ።

የሀይሚ ዘር መብቀሉ በአንድ ቀን ተወራ። ልጆች እየመጡ ፎቶ አነሱት። መምህር ፍስሃ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «የዚች ልጅ እጅ የተባረከ ነው» አሉ። የማንም ሌላ ልጅ ዘር አልበቀለም። የአብኔዘርማ ጭራሽ ሻግቷል፤ እሱ «የኔ እንጉዳይ ነው» እያለ ሙድ ይይዛል።

ማኅደር ቀናች። በታክሲ ውስጥ ቀናች፣ ሒሳብ እየሠራች ቀናች፣ እራት እየበላች ቀናች። ሀይሚ ስትስቅ ሳቋ ደበራት፤ ሀይሚ ከምሳ ዕቃዋ ስታካፍላት ጠግቤያለሁ አለች። አንድ ቀን ሁለቱንም ሃይላንዶች ስታጠጣ የሀይሚን ልትዘለው እጇ ከመንገድ ሲመለስ ለራሷ ታወቃት። ደነገጠችና አጠጣችው። ከዚያ ለራሷ «ይሄ ቅናት አይደለም፤ ሁለት ዓመት የለፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ራሷም ግን አላመነችውም።

የሚገርመው ሀይሚ በድሏ የተደሰተች አትመስልም። ወደ ችግኝ ቤቷ መምጣት ቀንሳለች፤ ስለ ቡቃያው ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ማኅደር ይሄንንም ኩራት ነው አለች። የሰው ልጅ ከቀና የማይተረጉመው ነገር የለም።

በሃያ አንደኛው ቀን ግን አዲስ ነገር አየች። የሀይሚ ቡቃያ ሁለተኛ ዙር ቅጠል አወጣ። ቅጠሉ እንደ እንስላል የቀጠነና የተበጣጠሰ ነው። ማኅደር ይህን ቅጠል የሆነ ቦታ አይታዋለች። በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

እናቷ ወይዘሮ ተናኜ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን በረንዳቸውን በቁራጭ ጀሪካን ሞልታታለች። አንዱ ውስጥ በሶብላ፣ አንዱ ውስጥ ጤና አዳም አለ፤ ጥግ ላይ ያለው ውስጥ ደግሞ... ማኅደር ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ጥጉን ሄዳ አየች። ከዚያ ስልኳን ለእናቷ አቀበለቻት።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥቁር አዝሙድ ነዋ። ከየት አመጣሽው?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴ! ደንቢያ ያደግኩት ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ ይጠፋኛል?»

ማኅደር ደስ አላት። እንዲያው ዝም ብሎ ደስ ማለት አይደለም፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እራቷን አጣጥማ በላች። ሀይሚ አጭበርብራለች! ለቁልፉ ስትል የወጥ ቤት ቅመም ዘርታ ኮለምባይን ነው ብላለች። የእሷንም ዘር ሳትነካካው አልቀረችም፤ ያ ጥቁር እስክሪብቶ በከንቱ አልመጣም። ዓርብ ዕለት ክበቡ ሲሰበሰብ ሀይሚ ቡቃያዋን ይዛ ፊት ትወጣለች። ያኔ ማኅደር ስልኳን ታወጣለች። የምትናገረውን ሳይቀር አዘጋጀች፤ መስታወት ፊት ቆማ ሁለቴ ተለማመደችው።

ሐሙስ ሀይሚ ከትምህርት ቤት ቀረች። ስልኳም ዝግ ነው። መምህር ፍስሃ የባዮሎጂ ወርክሺት ይዘው «ይህን ለሀይሚ የሚያደርስላት ማነው? ነገ እንደምታቀርብም ይንገራት» ሲሉ የማኅደር እጅ ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ። ቸርነት አልነበረም። ነገ ከመምጣቱ በፊት የሀይሚን ፊት ማየት ፈልጋ ነው።

ጎሮ የነሀይሚን በር የከፈቱላት አክስቷ እትዬ የሺአረግ ናቸው። ሀይሚን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አደረጉና ማኅደርን አገላብጠው ሳሟት።

«ግቢ የኔ ልጅ! ጉንፋን ጥሏት ተኝታለች፤ አሁን እቀሰቅሳታለሁ። አንቺ ማን ነሽ?»

«ማኅደር እባላለሁ።»

ሴትዮዋ ባሉበት ቀጥ አሉ። «ማኅደር? የዘሩ ማኅደር?» አሉና ቀጥ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሻይና አንድ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ይዘዋል። ዳቦው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶበታል።

«ብይ፣ አይዞሽ። ይሄ እውነተኛ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ያንቺው አይደለም።»

ማኅደር ግራ ገባት። «የኔ ምን?»

«አልነገረችሽም እንዴ? ወይ ይቺ ልጅ!» እትዬ የሺ አጠገቧ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ሁለት ኪሎ ዱቄት አቡክቼ ፍሪጁን ብከፍት ጥቁር አዝሙድ በሶፍት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሀይሚ አጥባ ያስቀመጠችልኝ መሰለኝ። መርቄያት ቡኮው ውስጥ ጨመርኩት።»

ማኅደር ሻዩን አስቀመጠች።

«ሀይሚ ስትገባ ያንቺን ስም የያዘውን ፌስታል ቆሻሻው ላይ አየችና ጮኸች። ‹መርዝ ነው፣ እንዳትጋግሪው!› አለች። ያን የመሰለ ቡኮ ደፋን። ለማኅበርተኛው ከዳቦ ቤት ገዝቼ አቀረብኩ። ዛሬም ድረስ ሲያገኙኝ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የልጅቷ ለቅሶ ነው የባሰብኝ። ‹አደራ ብላ የሰጠችኝን!› እያለች አለቀሰች። በኋላ የራሷን ዘር ላንቺ አድርጋ ስምሽን ጻፈችበት።»

ዳቦው የማኅደር እጅ ላይ ነው፤ አልቆረሰችውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታጠጣው የኖረችው፣ ጠዋት ጠዋት እየረገመች የምታየው ባዶ አፈር ውስጥ ያለው የሀይሚ ዘር ነው።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሀይሚ ጋቢ ተከናንባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ቆማለች። የአክስቷን ፊት አየች፣ የማኅደርን አየች፣ ነገሩ ገባት። እትዬ የሺ ልብሱን ላስጣ ብለው ወጡ።

«የዘራሽው ጥቁር አዝሙድ ነው» አለች ማኅደር።

«አውቃለሁ።»

«ለምን?»

ሀይሚ አጠገቧ ተቀመጠች። «ዘር ባልዘራ ‹ዘርሽ ምን ሆነ?› ትይኛለሽ። ከእትዬ ጣሳ ትንሽ ወሰድኩ። የቆየ ቅመም ነው፣ አይበቅልም፣ ‹የኔ እምቢ አለ› ብዬ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። በዘጠኝ ቀኑ ወጣ! ሰባት! ቲቸር ደግሞ እጇ የተባረከ ነው ብለው አረፉት።» ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

«መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቁልፉን ፈልጋ ሆን ብላ ነው ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አልልም ነበር» አለች ማኅደር ቶሎ ብላ።

ውሸቷን ነው። ትል ነበር። ከዚያ የባሰም ብላለች፤ መስታወት ፊት ቆማ ሁለቴ።

«ለማንኛውም ነገ ለቲቸር እነግራቸዋለሁ» አለች ሀይሚ። «አጭበረበርኩ እላለሁ፣ አለቀ። የእትዬን ነገር ግን አላነሳም። በኔ የተነሳ ሌላም ሰው እንዲስቅባቸው አልፈልግም። አንቺም አታንሺ፣ እሺ?»

ማኅደር አየቻት። የሚገርመው አሁንም ቀናችባት። በፊት የቀናችው በቡቃያው ነበር፤ አሁን ደግሞ ይህን ነገር እንዲህ በቀላሉ መናገር በመቻሏ ነው። ወርክሺቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

ግቢው በር ላይ እትዬ የሺ ልብስ መቆንጠጫ እንደያዙ ሸኟት። «የምትሉትን ሰምቻለሁ» አሏት። «ማኅበርተኛው ሁሉ ስቆብኝ አልሞትኩም፤ ተማሪ ቢስቅብኝ ምን እሆናለሁ? የኔ ልጅ አጭበርባሪ ከምትባል የኔን ጉድ ያውሩት።»

ወደ አባዶ በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ማኅደር ፎቶውን ከፍታ አየችው፤ ዘጋችው፤ ደግሞ ከፈተችው። አሁን ፎቶውን ማሳየት እንኳ አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነው። ሀይሚ ራሷ አጭበርብሬያለሁ ትላለች፣ ልጆቹ ይስቁባታል፣ ቁልፉም ከአንገቷ አይወርድም። ማንም ምንም አያውቅባትም። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር፤ ያፈረችውም ጣፋጭ መሆኑን ስላወቀች ነው።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የችግኝ ቤቷን ከፈተች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ የራሷን ሃይላንድ አየች። ከዚያ ተንበረከከች።

ሦስት ናቸው። አንገታቸው ገና አልቀናም። አንደኛው የዘሩን ጥቁር ቅርፊት እንደ ኮፍያ ደፍቶታል። ሃያ አራት ቀን ጠብቀው፣ መምህሩ እንዳሉት ዘግይተው፣ መጥተዋል። እውነተኛው ኮለምባይን ይሄ ነው። በክበቡ የመጀመሪያው፤ የእሷን ስም በያዘ ሃይላንድ ውስጥ።

«ወጣችሁ?» አለቻቸው። ጥር ከገባ ጀምሮ ከዚህ የበለጠ የፈለገችው ነገር የለም፤ እነሱ ደግሞ ይሄን ቀን ጠብቀው መውጣታቸው አናደዳት። ትናንት ቢወጡ ምን ነበረበት? ወይም ነገ? የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ የሰልፉ ደወል እስኪደወል ድረስ ስታያቸው ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ክበቡ ተሰበሰበ። ሀይሚ አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ መጣች። መምህር ፍስሃ የጥቁር አዝሙዱን ሃይላንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ ሀይሚ ታቀርብልናለች። ከዚያ በፊት፣ ማኅደር፣ ቁልፉን አውልቂ። ለሁለት ዓመት አገልግሎትሽ እናመሰግናለን።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ማኅደር የቁልፉን ክር በራሷ ላይ አሳልፋ አወለቀች። አንገቷ ቀለላት፤ ቅለቱን አልወደደችውም።

«ቲቸር፣ ቆይ» አለች ሀይሚ። «ቁልፉ ለኔ አይገባም። ይሄ ኮለምባይን አይደለም፤ ጥቁር አዝሙድ ነው። አጭበርብሬያለሁ።»

ከዚያ አብኔዘር «ለምን በርበሬ አልጨመርሽበትም?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሀይሚ ቀና ብላ ለመቆም ሞከረች፤ ፊቷን ግን በሶፍቱ ሸፈነች። መምህር ፍስሃ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«እንግዲያው ቁልፉ ባለበት ይቆይ» አሉ ወደ ማኅደር ሳይዞሩ።

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቋል። ማኅደር ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሃይላንዷን አነሳች፤ «ማኅደር» የሚለውን ፕላስተር በጥፍሯ ልጣ አወጣችውና ኪሷ ከተተችው። ሃይላንዱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጥቁር አዝሙዱ ጎን አስቀመጠች። ከፊት ያሉት ልጆች ሦስቱን ቡቃያ አይተው ሳቃቸውን አቆሙ።

ከዚያ የሀይሚን እጅ ያዘች፣ ቁልፉን መሀሉ ላይ አደረገችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት። ሀይሚ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ማኅደር እጇን አልለቀቀችም።

«ቲቸር» አለች፤ መስታወት ፊት የተለማመደችው ንግግር አንዱም ቃል አልመጣላትም። «ይሄ የበቀለው የሀይሚ ዘር ነው። የኔ የገባው ዳቦ ውስጥ ነው። ከዳቦው ልጀምርላችሁ።»